የአባ ዳማ አዲስ ስም

መምህር ኢዶሳ እንግሊዝኛን የሚያስተምረው ማር እንደሚልስ ሰው ነበር። ቃሉን አንድ ጊዜ ለራሱ ያጣጥመዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ለተማሪ የሚያካፍለው። በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ጠፍቶ አልነበረም፤ የሚሲዮኑ ሐኪም ቤት ሰዎች አሉ፣ አውራጃ ጽሕፈት ቤትም አንዳንዱ ይሞካክራል። እንደ ኢዶሳ በቃል የሚጫወት ግን አልነበረም። እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ማወቁ ነው እንግዲህ ጉዱን ያፈላው።

የማይለቀው አንድ አመል ነበረው። አዲስ ቃል ባስተማረ ቁጥር ተማሪው በእውነተኛ ሰው ላይ ዓረፍተ ነገር እንዲሠራበት ያዛል። ከመጽሐፍ የመጡትን ጆንንና ሜሪን አይወድም። "ጆንን ማን አየው? ቤቱስ የት ነው? የሰፈራችሁን ሰው አምጡልኝ፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን አምጡልኝ!" ይላል። ልጆቹም ይወዱለታል። የወይዘሮ ሸዋጌጥ ዶሮ በፍጥነት ሮጠች፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ በቁጣ መለሰልኝ እየተባለ ስምንተኛ ክፍል በሳቅ ይናወጣል። ያ ሳቅ ሲነሳ የኢዶሳ ደረት ይነፋል። ቢላ በሚባል አገር ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ ሚሲዮን ቤት በሰው እጅ ያደገ ነውና፣ ሰው ሲስቅለት የተወደደ ይመስለዋል።

የጥምቀት ሰሞን አልፎ ትምህርት ሲጀመር ተራው የአንድ ክፉ ቃል ሆነ። ለሚኒስትሪ ፈተና ይመጣል ብሎ የጠረጠረውን ቃል ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈ፤ ሼምፉሊ። ከሥሩ ወንድሞቹን ደረደረ፤ ዲስግሬስፉሊ፣ ኢግኖሚኒየስሊ።

"መዝገበ ቃላቱን ብትጠይቁት ሦስቱም አንድ ናቸው ይላችኋል" አለ ጠመኔውን በጣቱ እያሽከረከረ። "አትመኑት። ሼምፉሊ ሰው ሊያፍርበት የሚገባውን ነገር ሲያደርግ ነው። ዲስግሬስፉሊ ሲሆን ነውሩ ከሰውየው አልፎ ቤተሰቡንም አገሩንም ይነካል። ሦስተኛው፣ ይሄ ምላስ የሚያስረው፣ ሰው በአደባባይ ተዋርዶ ከክብሩ ሲወርድ የሚነገር ነው፤ የተሸነፈ ጦር፣ የተሻረ ሹም። ደግሞ ልብ በሉ፤ ይህን ቃል የሚናገረው ያፈረው ሰው አይደለም። አድራጊው ጭራሽ ላያፍር ይችላል። የሚፈርደው ተመልካቹ ነው።"

እንዲህ ያለ ደኅና ነገር ተናግሮ እዚያው ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! አላቆመም። "በሉ፣ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር" አለ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ልጆቹ ዶሮም ወፍጮም ይቀልዳሉ እንጂ፣ የጎረቤትን ነውር ስም ጠርቶ ማውጣት እናት አባት የሚቆጡበት ነገር መሆኑን ያውቃሉ። አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ እርሳስ ይቀርጻል። ዝምታው ኢዶሳን ሰጋ ሰጋ አሰኘው፤ ሳቅ የለመደ ሰው ዝምታ ያስደነግጠዋል። ስለዚህ ራሱ አመጣላቸው።

ያመጣው ከጥምቀቱ ሜዳ ነው። በዚያ ዕለት ፈረሰኞች ጉግስ ሲጫወቱ አውራጃው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ከተጫዋቾቹ መካከል ኦቦ ጃራ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የፈረስ ስማቸው አባ ዳማ። ለአገሩ ፈረሰኛ የፈረስ ስም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በወጣለት ስሙ የሚጠራው ዳኛና እንግዳ ነው፣ ወዳጅ ግን አባ ዳማ፣ አባ ቡላ እያለ ነው የሚያከብረው። አባ ዳማም ዳማ ፈረሳቸውን አስጋልበው፣ ጎፈራቸው እየተወዛወዘ፣ አንዱን ፈረሰኛ አባርረው ደረሱበት። ዘንጋቸውን አነሱ። ሰው ሁሉ እልል ሊል አፉን ከፈተ። ድንገት ዘንጉን ዝቅ አደረጉና ፈረሳቸውን አዙረው ሸመጠጡ። ያባረሩት ሰው ዞሮ አሳደዳቸው፣ ጓደኞቹም ተከተሉ፤ ዘንግ በጀርባቸው ላይ ዘነበ። አንድም ጊዜ ዞረው ሳይመክቱ ሜዳውን ለቀው በታች በኩል ወጡ። ሕዝቡ አፏጨ፣ አላገጠ። ኢዶሳ ከርእሰ መምህሩ ከአቶ ሀብተጊዮርጊስ ጎን ቆሞ እስኪያስለው ስቆ ነበር።

ይኸውላችሁ፣ ሰሌዳው ላይ የጻፈው ይህንን ነው፤ "ሽማግሌው ፈረሰኛ በጥምቀት ዕለት ሼምፉሊ ሸሹ።" ስም አልጠራም። ክፍሉ መጀመሪያ አመነታ፣ ከኋላ አንዱ ፈነዳ፣ ከዚያ ሁሉም። ኢዶሳ ሳቁ ሲሞቅ ጊዜ ሼምፉሊን አጥፍቶ ሁለተኛውን ቃል ተካበት፣ ሽማግሌው እንደገና ሸሹ፤ ሦስተኛውን ተካበት፣ አሁንም ሸሹ። በየጊዜው ክፍሉን በአንድ ድምፅ ያስነብበዋል።

ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ድርቤ ተቀምጣለች። ድርቤ ጃራ። ስሟን በየማለዳው ሲጠራ የሚውል ሰው የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም ነበር ሊል አይችልም፤ ቢምልም ማንም አያምነው። አይቷታል። እርሳሷ ቆመ፣ አንገቷ ሰበር አለ፣ አፏ ከሌሎቹ ጋር አልተንቀሳቀሰም። "ስም አልጠራሁም እኮ" አለ ለራሱ፣ ጠመኔውን አራግፎ ቀጠለ።

ቃል ደግሞ ከክፍል ሲወጣ በር አይዘጋበትም። ሳምንት ሳይሞላ ወይዘሮ ሸዋጌጥ፣ ኢዶሳ ቤት የተከራየባት የሸዋ ሴት፣ እንጀራውን እያቀረበችለት "እንዴ መምህር፣ እኒህ ልጆች ለኦቦ ጃራ ምን የሚሉት ስም ነው ያወጡላቸው?" አለችው። "ሽምፉል ነው ሻምፉል፣ ብቻ የሚሉት አላቸው። ገበያ ሲወጡ ከግራ ከቀኝ ይቀባበሏቸዋል። የናንተው ትምህርት ነው አሉ።"

"ልጆች ናቸው፣ ይተዉታል" አለ ኢዶሳ። እንጀራውን ግን ሳይጨርስ ተነሳ።

አልተዉትም። አንድ የገበያ ቀን ኢዶሳ ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጣ አባ ዳማ ፈረሳቸውን በልጓም ይዘው ቆመው አገኛቸው። ሊሰድቡኝ ነው፣ ይገባኛልም ብሎ ቆመ። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አካም ጅርታ፣ በርሲሳ?" አሉት፣ በአገሩ አፍ እንዴት ነህ፣ መምህር ማለታቸው ነው። ስለ ጤናው፣ ስለ ቢላ ሰዎች፣ ስለ ከብቱ ጠየቁት፤ ከብት የለውም፣ ቢሆንም ይጠየቃል። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ መጣሁ፣ እንዳትስቅብኝ። ከጥምቀት ወዲህ ሰው የፈረስ ስሜን ትቶታል። ጃራ ብቻ ነኝ አሁን። አልፈርድባቸውም፣ ያዩትን አይተዋል። ታዲያ ልጆቹ ናቸው የሚገርሙኝ። ባለፍኩ ቁጥር አንድ የእንግሊዝኛ ስም ይጠሩኛል፣ እየሳቁ፣ ደስ እያላቸው። ሼምፉሊ ነው የሚሉኝ። ከአንተ ነው የተማርነው አሉኝ። ምን ማለት ነው፣ ልጄ? ክፉ ነው ደግ?"

እዚያ ላይ እንግዲህ ቆሟል። ዓይናቸው ሞቅ ያለ፣ ጥርሳቸው ከፈት ያለ ሽማግሌ ፊቱ ቆመው፣ ፈረሱ የጫማውን አፍንጫ ያሸታል። እውነቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። ኢዶሳ ግን ፈሪ ነበር፤ አዎ፣ ሌላ ስም የለውም።

"ደግ ነው" አለ። "የተከበረ ሰው ማለት ነው፣ አባ ዳማ። ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ነው።"

የሽማግሌው ፊት እንዴት እንደበራ! የኢዶሳን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና መረቁት፤ ዕድሜህ ይርዘም፣ ዘርህ ይብዛ፣ የተናገርከው ይታመን አሉት። ይህችኛዋ ምርቃት ጎኑን ወጋችው። ፈረሳቸው ላይ ወጥተው ሲሄዱ ከአጥሩ ሥር የነበሩት ልጆች "ሼምፉሊ!" ብለው ጮሁ። አባ ዳማ ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሷቸው። ኢዶሳ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በነጋታው ትምህርት ሲያበቃ ድርቤ ከክፍል ሳትወጣ ቀረች። ስትናገር መሬት መሬት ነው የምታይ፤ ድምፅዋ ግን አይንቀጠቀጥም።

"መምህር፣ አባቴ ወደ እርስዎ መጥተው ነበር። የነገሯቸውንም ነገሩኝ።"

"ድርቤ፣ እኔ እኮ..."

"አባቴ አልሸሹም" አለችው። "ያ ያሳደዳቸው ሰው ነመራ ይባላል፣ የሲሬ ሰው ነው። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው የገባው፣ እሳቸውም ከኋላው ደርሰው ፊቱን እስኪያዩ አላወቁትም። እኔ ሳልወለድ የአባቴ ወንድም የነመራን አጎት ገድሎ ነበር፣ በግጦሽ መሬት ጠብ። ሽማግሌ ገብቶ፣ ጉማ ተከፍሎ፣ በግ ታርዶ ታረቁ። ሁለቱ ቤት ዘንግም ቢሆን፣ ለጨዋታም ቢሆን አንዱ በአንዱ ላይ እጁን ላያነሳ ማለ። ስለዚህ ዞሩ። ስለዚህ ሳይመክቱ ተመቱ።"

ኢዶሳ ጉማ የደም ዕርቅ መሆኑን ያውቃል፤ አባቱ ቤት ቢያድግ ኖሮ ሜዳው ላይ ሲያይ ይጠረጥር ነበር። ሚሲዮን ቤት ብዙ ነገር አስተምሮታል፣ ይህን ግን አላስተማረውም። እዚያ ሜዳ ላይ ከነበረው ሰው ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ነበር ክብሩን የጠበቀው፤ ኢዶሳ ደግሞ በዚያ ሰው ላይ ሦስት ቃል ደረደረበት።

"ታዲያ ለምን ለሰው አይናገሩም?" አለ።

"የታረቀ ደም ስሙ አይነሳም። ቢያነሱት ዕርቁን ያፈርሳሉ። እኔም ለእርስዎ መንገሬ ጥፋት ነው።" አሁን ቀና አለች። "መምህር፣ እባክዎ እውነቱን እንዳይነግሯቸው። ደስ ብሏቸው ነው ያሉት። እኔ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ሰምቼ ዝም ብያለሁ። አባት ሲሰደብ ሰምቶ ዝም ያለ ልጅ ሰፉ አፈረሰ ነው የሚባለው፣ ያውቁታል። ልጆቹን ብቻ ዝም ያሰኙልኝ። ቀስ ብሎ ይረሳል።"

ሰፉን ማን አያውቅም፤ ልጅ በአባቱ ፊት፣ ሰው በፈጣሪው ፊት የማያልፈው ድንበር ነው። ኢዶሳ ማለላት። ትንፍሽ አልልም አላት። በማግስቱ ክፍሉ ውስጥ አለንጋ ይዞ ገባና ያን ቃል ከትምህርት ውጭ ያነሳ ወዮለት ብሎ ፎከረ። የት ይሰማሉ! እስከዚያ ቀን ድረስ ቃሉን የዘነጉት ሁሉ ትዝ አላቸው። በፊት ፊት ለፊት ይሉ የነበረውን ከአጥር ጀርባ ሆነው ይሉት ጀመር።

ጉዱ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። አዲሱ የመማሪያ ክፍል ተሠርቶ አለቀና የምረቃው ቀን ተቆረጠ። ከአዲስ አበባ ኢንስፔክተር ይመጣል፣ አብሮት አንድ ፈረንጅ ይመጣል። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ኢዶሳን ቢሮው ጠርቶ እጁን እያፋተገ "አስተርጓሚው አንተ ነህ" አለው። "ለጣሪያው ባሕር ዛፍ የሰጡት ጃራ በወላጆች ስም እንግዶቹን ይቀበላሉ። ደግሞ ምን አሉኝ መሰለህ? ስሜን በእንግሊዝኛ ለፈረንጁ እነግረዋለሁ፣ መምህር ኢዶሳ የተረጎመልኝ ስም አለኝ አሉ! ሸዋ ብወለድም እንዲህ ያለ የሠለጠነ ባላገር አላየሁም።"

"ጋሼ፣ ሌላ ሰው ቢሆንስ? እሳቸው አርጅተዋል..."

"ዛፉን የሰጠው ሌላ ሰው ነው እንዴ? ምን ነካህ አንተ?"

ምን እንደነካው ቢነግረው ኖሮ አንድ ነገር ነበር። አልነገረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢዶሳ ሰው አልሆነም። ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እጁ ይሳሳታል፣ ሲበላ አይጥመውም፣ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘመር አፉን ከፍቶ ይቀራል። ሽማግሌው በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ቆመው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ለፈረንጅ ያንን ሲሉ ይታየዋል። ፈረንጁ ግራ ተጋብቶ ወደ እሱ ይዞራል፣ ልጆቹ ይፈነዳሉ። ያን ቀን ምን ብሎ ሊተረጉም ነው? ታምሜያለሁ ብሎ ሊቀር አሰበ። ወደ ጊምቢ ሊሄድ አሰበ። አንድ ጊዜም ሌላ የእንግሊዝኛ ስም ልስጣቸውና ይህን ያስረሳቸው ብሎ አሰበ፤ ውሸትን በውሸት ሊለብጥ። ይሄ ሐሳብ በራሱ ላይ አስጠላው።

ምረቃው ሲቃረብ፣ በእሑድ ቀን፣ ከጸሎት ሲወጣ እግሩ ወደ አባ ዳማ ቤት ወሰደው። ድርቤን ቀድሞ ማነጋገር ይገባው ነበር። እንኳን ሌላው ሰው፣ እሱ ራሱ ያውቀዋል፤ የማለው ለእሷ ነው። ግን ሸክሙ ከብዶት ነበርና የሚያራግፍበትን እንጂ በማን ላይ እንደሚያርፍ አላየም። በመንገዱ ዳር እርጥብ ሳር ነጨ። በዚያ አገር ጥፋተኛ ሳር ይዞ ሲመጣ ይቅር በሉኝ ማለት ነው፤ ይህን ግን ሚሲዮን ቤትም ሆኖ አልረሳውም።

አባ ዳማ ከደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ልጓም ይሰፋሉ። ሳሩን በእጁ ሲያዩ ልጓሙን አስቀመጡ። ኢዶሳ ተንበርክኮ ሁሉንም ተናገረ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሰሌዳው ላይ እንዴት እንደጻፈው፣ ልጆቹን እንዴት እንዳሳቀ፣ በር ላይ እንዴት እንደዋሻቸው። "ቃሉ ለእርስዎ አይደለም የሚሆነው፣ ለኔ ነው" አለ። "ስሙ የኔ ነው፣ አባ ዳማ። እኔ ነኝ ያሳፈርኩ።" እንባው ወረደ። ሲናገር ደግሞ ደረቱ ላይ የነበረው ድንጋይ ትንሽ ትንሽ ሲነሳለት ታወቀው፤ ያም ጣፈጠው።

ሽማግሌው ጎፈሬያቸው የሸበተ፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ፣ ዓይናቸው ወደ አጥሩ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሳሩን ተቀበሉት።

"ሰው ሲያላግጥብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም" አሉ። "ሜዳው ላይ ካላገጠብኝ ሕዝብ ማን ሳር ይዞ መጣ? አንተ መጥተሃል። ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ። ምረቃውም ላይ እመጣለሁ፣ ጃራ ብዬ እቆማለሁ። ተነሣ።"

ኢዶሳ ተነሣ። እንደዚያ ቀን ቀልሎት አያውቅም። ነገሩ አለቀ፣ ዳንኩ አለ በልቡ።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አሉ አባ ዳማ ሳሩን ጭናቸው ላይ አድርገው። "ድርቤ ያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበረች?"

"ነበረች።"

"ቃሉ ገብቷት ነበር?"

አልገባትም ማለት ይችል ነበር። ገና ልጅ ናት፣ እንግሊዝኛው ከብዷት ነበር ቢል ማን ያጣራል? በር ላይ ለራሱ ሲል የዋሸ ሰው፣ እዚህ ላይ ለእሷ ሲል አንዲት ውሸት ቢጨምር ምን ይጎድልበት ነበር? ግን እውነት ተናግሮ ምሕረት ያገኘ አፉ መዝጊያ አጣ። የተጠየቀውን ብቻም አልመለሰም።

"ገብቷት ነበር። እኔ እንደዋሸሁዎትም ታውቃለች። መጥታ እውነቱን እንዳልነግርዎ ለምናኛለች። ምዬላት ነበር።"

አባ ዳማ ሳሩን አዩት። አንድ በአንድ በጣታቸው ይለዩት ጀመር። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

"ቃሉን ያስጠናችኝ እሷ ናት" አሉ። "ለፈረንጁ ስናገር እንዳልሳሳት ብዬ። ማታ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን። ሼም ስል፣ የለም አባዬ፣ ከንፈርዎን እንዲህ ያድርጉ ትለኛለች። አስተካክዬ እስክልላት ድረስ። ያልኩት ቀን አቅፋ ሳመችኝ።"

ያቺ ልጅ ምን ልታደርግ ኖሯል? አስጠኚኝ ሲሏት እምቢ ብትል ለምን ይሏታል፣ ለምን ሲሏት ምን ትላለች? እሱ በር ላይ በአንድ ትንፋሽ የዋሸውን፣ እሷ ማታ ማታ እያስተካከለች ስትሸከመው ኖረች። እሱ ደግሞ የራሱን ሊያራግፍ መጥቶ የእሷን ገለጠባት።

"አባ ዳማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ እርስዎን ላለማሳዘን..."

"የአንተ አልቋል። አንተን ይቅር ብዬሃለሁ፣ አልመልሰውም።" ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረው ተጣሩ። "ድርቤ! ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! ነይ እስቲ።"

ድርቤ ከጓሮ መጣች፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ እጇ እርጥብ ነው። መምህሯን አየች። አባቷ ጭን ላይ ያለውን ሳር አየች። ሳር የያዘ ሰው ምን ብሎ እንደሚመጣ ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ። ኢዶሳን አንድ ጊዜ ቀና ብላ ተመለከተችው፣ ምለውልኝ ነበር እኮ የምትል ትመስላለች፣ ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

አባቷ አልተቆጧትም። ቢቆጧት በተሻለ። "ለመምህርሽ ወተት አምጪ" አሉ። "ታርቀናል።" እሷ ስትገባ ለኢዶሳ እንዲህ አሉት፤ "ከነገ ጀምሮ እቤት ናት። አባቷን ማታለል ያስተማራት ትምህርት እስከዚህ ይበቃታል።"

"ሚኒስትሪ ፈተናው ደርሷል፣ አባ ዳማ! በክፍሉ ካሉት ሁሉ እሷ ናት የምታልፍ። እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ ሽማግሌ ልላክ..."

"አንተ በራስህ ጥፋት መጣህ፣ ሰማሁህ። በልጄ ላይ ደግሞ አማላጅ አትሁንብኝ።" ቁጣ የለባቸውም። ያረጁት በዚያች ሰዓት ነው ቢባል ያምናል ኢዶሳ፤ የያዙት ልጓም እንኳ ከብዷቸው ነበር።

ድርቤ በቀንድ ዋንጫ ሞልታ ወተት ይዛ ወጣች። በሁለት እጇ ነው የያዘችው፣ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ። የዕርቅ ወተት በእነሱ ቤት አይመለስም፣ አይጋመስምም፤ የተውክለት ያህል ዕርቁን ትተህለታል ነው የሚባለው። ኢዶሳ ዋንጫውን ተቀበለ። ጣቶቿ በረዶ ሆነው ነበር።

"ድርቤ..." አለ።

"ይጠጡ፣ መምህር" አለችው።

አባቷ ያያሉ። እሷም እንደቆመች፣ እጇን አጣምራ፣ ባዶውን ለመቀበል ትጠብቃለች። ኢዶሳ ዋንጫውን ወደ አፉ አነሳና እስከ መጨረሻው ጠጣ።